ዲንቃ ስለ በሩ እያሰበ ነው

ዩኒቨርሲቲው የተከፈተ ሰሞን መቱ ከተማ በድንገት በር አጠራት። ግቢ ያለው ሁሉ ጓሮውን ከፋፍሎ ለተማሪ የሚከራይ ክፍል መሥራት ጀመረ። ክፍል በር ይፈልጋል፤ በር የፈለገ ደግሞ ዲንቃን ይፈልጋል። ያኔ ዲንቃን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ስለ እሱ የሚወራውን ቢሰማ ሌላ ሰው ይመስለዋል። ጣውላውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ መድረቅ አለመድረቁን የሚለይ፣ መላጊያውን ሲገፋ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ሥር የሚከመር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "ሐሙስ" ካለ ሐሙስ የሚያደርስ አናጢ ነበር። ሐሙስ ብሎ ሐሙስ የሚያደርስ አናጢ ያየ እስቲ እጁን ያውጣ!

ሴናን ከኢሉባቦሯ ቡሬ ያገባ ዓመት ለራሳቸው ቤት በር ሠራ። ቤቱ ገና የለም። ከከተማው ዳር፣ የቡሬ መኪና በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ባገኟት ቦታ ላይ ያለው ሣር ብቻ ነው። እሱ ግን በሩን አስቀደመ፤ ከደረቀ ዋንዛ፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ እጅ ሲያርፍበት እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚለሰልስ። ሴና እየዳበሰችው፣

"በር ብቻ ይዘን የት ልንገባ ነው?" አለችው።

"አንቺ በሩን ውደጂው፤ ቤቱን በአንድ በጋ አቆምልሻለሁ።"

ወደደችው። አባቷም "ጣሪያው የኔ ነው" ብለው ቆርቆሮ ከቡሬ አስጭነው ላኩ።

ከዚያ ቅጠሉ መጣ። በየስብሰባው ዕፀ ፋሪስ የሚሉት፣ ባጃጅ ነጂው ደቅሲሳ ግን እንደ ጎመን "ቅጠል" ብቻ የሚለው። ደቅሲሳ የዲንቃ አብሮ አደግ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ዲንቃ ወገቡን ይዞት ሲያቃስት አይቶ ባጃጁን አቆመና ወረደ።

"ሳብ አድርጋት። ወገብህን ታፍታታልሃለች፣ ጭንቅላትህን ትከፍትልሃለች።"

ከፈተችለት። መዝጊያ ግን አልሠራችለትም።

መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ቀጥሎ ማታ ማታ፣ ሥራ ሲፈታ። ቀጥሎ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ "ሐሳቤን ለመሰብሰብ"። የሚሰበሰበው ሐሳብ እየበዛ፣ የሚሰበስበው ሰው እያነሰ ሄደ። የመቃኑን ልክ ወስዶ መጋዙ ጋ እስኪደርስ ልኩ ይጠፋዋል። ተመልሶ ይለካል። አሁንም መጋዙ ጋ ሲደርስ ሜትሩን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል። ሜትሩን ሲፈልግ ቅጠሏን ያገኛል። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡት ጋሼ ወልደ ማርያም ለኪራይ ክፍላቸው ያዘዙት በር ከስንት ምልልስ በኋላ ሲመጣ በግራም በቀኝም ቁልፍ ተገጥሞለታል፤ ማጠፊያ የሚባል ነገር ግን የለውም።

"ዲንቃ፣ ይኼ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?"

"እሱን ነው ጋሼ፣ እኔም እያሰብኩበት ነው።"

እስከ ዛሬ ተከራዩ ተማሪ በሩን እንደ ድስት ክዳን አንስቶ ነው የሚገባው።

ሰውም ሳቀ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። ከተማው እንዲህ ያለውን ሰው የሚያየው በሁለት ዓይን ነው። ግማሹ "ሰይጣን ገብቶበታል" ብሎ አንድ ሳምንት በጸበልና በጸሎት ይሯሯጥና ይረሳዋል። የቀረው ደግሞ "ተዉት፣ ማንን ነካ? አይሳደብ፣ አይሰርቅ፣ አይደባደብ" ይላል። ማንን ነካ! የሴናን ኑሮ ታዲያ ማን ነካው፣ ዝንጀሮ ነው? ጠጥቶ የሚደባደብ ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር፤ ዝም ብሎ ፈገግ ስለሚል ግን የከተማው ጌጥ ሆኖ ቀረ። ሻይ ቤት ሲገባ "እስቲ ዲንቃ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አሰብክ?" ይሉታል። እሱም ይነግራቸዋል። ሶር ፏፏቴ በር እንደሚያስፈልገው ይነግራቸዋል።

"ያ ሁሉ ውሃ ሜዳ ላይ ተጥሏል! ማንም ዘው ብሎ ያየዋል። እስቲ ትልቅ በር ይገጠምለት፣ ሰው አንኳኩቶ ይግባ፣ ያን ጊዜ ክብሩን ታያላችሁ።"

"ማነው የሚከፍትልን?"

"ውሃው ነዋ።"

በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ ሻይ ይጋብዙታል። "የሴናስ በር?" ያለው ግን አንድም ሰው የለም።

የሴና ቤት፣ መሳቅ ለሚወድ፣ ከፏፏቴውም በላይ የሚያስቅ ነበር። ዲንቃ ለቋሚ የሚሆን የደረቀ ባሕር ዛፍ ፍለጋ መሄድ ስለታከተው ከአጥር ጥግ እርጥብ ኮርች እየቆረጠ ተከለ። ኮርች በእርጥቡ ከተተከለ ሥር እንደሚሰድ አናጢ ቀርቶ ፍየል ያውቃል። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ አያስለምንም። ማገሩ ተመታ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ፤ ከቋሚዎቹ በቀር። እነሱ አቆጠቆጡ። ቅጠል አወጡ፣ ቅርንጫፍ ዘረጉ፣ ጣሪያውን በአንድ ወገን ወደ ላይ ገፍተው ቆርቆሮውን እንደ ሰካራም ባርኔጣ አዘመሙት። ወፍ ጎጆ ሠራባቸው፤ ወፏ እንኳ በአንድ በጋ ጨርሳ ገባች። ዲንቃ ከሥሩ ቆሞ፣

"ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፤ የኔ ቤት ራሱን እየሠራ ነው" አለ።

በሩን የት እንደሚያደርገው ደግሞ አልቆርጥለት አለ። መጀመሪያ ወደ መንገዱ ክፍት ቦታ ተወ፤ አቧራ ይገባል ብሎ በማገር ዘጋው። ወደ ጓሮ አዞረው፤ ንፋስ ነው ብሎ ዘጋው። ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ አስካለማርያም አጥር አዞረው፤ የማጀታቸው ጢስ አለ። ዘጋው። በመጨረሻ ቤቱ ዙሪያውን ማገር ብቻ ሆነ፤ እሱ ከስቶ ስለነበር በሁለት ማገር መካከል እየሾለከ ነበር የሚገባው። የዋንዛው በር ላስቲክ ለብሶ፣ እትዬ አስካለማርያም አጥር ላይ ተደግፎ ቆመ።

ለምርጊት የሚሆነው ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ከጭድ ጋር ተረግጦ መቡካት አለበት፤ ይኼ ለማንም ሰው የጥቂት ቀን ጉዳይ ነው። ለዲንቃ ዓመት አልፎ ዓመት ሆነ። ሴና "መቼ ነው የሚመረገው?" ባለች ቁጥር "ጭቃው ገና ነው" ይላታል። ጉድጓዱ ሣር በቀለበት። እንቁራሪት ልጅና የልጅ ልጅ አየበት። "ገና ነው።"

ልጃቸው ዬሮሳን የተወለደችው እትዬ አስካለማርያም ባዋሷቸው ጠባብ ክፍል ነው። እዚያው ዳዴ አለች፣ እዚያው ሮጠች። አንድ ቀን መንገደኛ ሴት "ሚጡ፣ ቤታችሁ የት ነው?" ብትላት በጣቷ ያሳየችው ዛፎቹን ነበር። ሴና ያን ቀን ልብሷን ሰበሰበች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

"እኔ ያገባሁት ሌላ ሰውዬ ነበር" አለችው። "ከመጣ፣ ቡሬ ነኝ በልልኝ።"

ዲንቃን ይህ አልተሰማውም የሚል ካለ ይሳሳታል። ተሰምቶታል። ቅጠሉን ጣለ። እንቅልፍ ግን አብሮ ጥሎት ሄደ። ላብ ያጠምቀዋል፣ የጎረሰው ሁሉ እንደ ካርቶን አፉ ውስጥ ይዞራል፣ አንድ ዶሮ ስለጮኸች ብቻ መላጊያውን ወርውሮባታል። እንዲያም ሆኖ ሰነበተ፤ አንድ ጣውላም ቀጥ አድርጎ ቆረጠ። አንድ! ለረጅም ጊዜ ያልተደረገ ነገር ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ፣ "አይዞህ፣ እንቅልፉ ይመጣል፣ ሁለተኛውን ጣውላ አምጣ" ቢለው ኖሮ! የመጣው ደቅሲሳ ነው።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው? ራስህን ልትገድል ነው እንዴ? በል ሳብ አድርግ።"

ሳብ አደረገ። ሻይ ቤቱም "ዲንቃችን ተመለሰ!" ብሎ በደስታ ተቀበለው። የሰው ልጅ ሲጠፋ እንኳን ደህና መጣህ የሚባልበት አገር።

አንድ ማለዳ ግን ዲንቃ በሳቀ ፊት ተነሣ። ቅጠሏ ያን ዕለት ወደ ሥራ ወዳድነት አዘነበለች። ቤት ለቤት እየዞረ "ማክሰኞ ምርጊት አለብኝ፣ ደቦ ጠርቻለሁ" አለ። ሰው ደስ አለው፤ እምቢ ያለ አልነበረም። ከዚያ ስልኩን አነሣና ለሴና ደወለላት።

"ማክሰኞ ከሰዓት ነይ። በበራችን ትገቢያለሽ።"

ከኋላዋ ዬሮሳን ስትዘፍን ይሰማል።

"ዲንቃ፣ እመጣለሁ። ፍራሼን ጭኜ ነው የምመጣው። በበራችን ካልገባሁ ግን ይኼን ስልክ ሁለተኛ አላነሳውም። ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

ሰምቷል። መስማቱን ማንም አይክደውም። እስከ እሑድ ማታ እንኳ ትዝ ይለው ነበር።

የደቦ ሥርዓት ለሁሉም የታወቀ ነው። የጠራው ሰው ያበላል፣ ይመራል፣ ሥራው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይናገራል። የመጣው ሰው ደግሞ ተጠርቷልና ይሠራል፤ በባለቤቱ ነገር ገብቶ አይመራመርም። ማክሰኞ ጠዋት ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። የላይ ሰፈሮች በኦቦ ሰቦቃ፣ በቡና ነጋዴው፣ ይመራሉ፤ የታች ሰፈሮች ከጋሼ ወልደ ማርያም ጋር ናቸው። ጉድጓዱ አለ፣ ጭቃው አለ፣ ማገሩ ዙሪያውን ተመትቷል። ዲንቃ የለም።

"ዲንቃ የት ሄደ?"

"ለሚበላ ነገር ሄዶ ይሆናል።"

"ያ ዋቃዮ!" አሉ እትዬ አስካለማርያም። በመገረም ጊዜ አምላክን በአፋን ኦሮሞ መጥራት ይቀናቸዋል። ድስቱን ጥደው ጎደሬ መላጥ ጀመሩ። "እኔ ነኝ መቼም የዚህ ሰውዬ ሚስት! ላጡ እናንተ ሴቶች፣ ሰው በባዶ ሆዱ ጭቃ አይረግጥም።"

ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ቤቱ በገጀራ ተመለመለ፤ ቤት ሲመለመል ያዩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ገብተው ሲረግጡ እንቁራሪቱ በየአቅጣጫው ተፈናጠረ።

"ይኼ ጭቃ ነው ሾርባ?" አለ ኦቦ ሰቦቃ።

"ሥጋ ያለው ነው፣ ምን ጎደለህ?" አሉት ጋሼ ወልደ ማርያም። "ይልቅ እጅህን አንቀሳቅስ፤ የታች ሰፈር ጣሪያ ሊደርስ ነው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ቴምብር እንደሚለጥፉ ነው የሚለጥፉት! ዞር ይበሉ፣ ወንዶቹ ይሥሩ!"

ፉክክሩ ጦፈ፣ ዘፈኑ በሁለት ቋንቋ ተቀጣጠለ፣ ሰማዩም ማጉረምረም ጀምሮ ነበርና እጅ ሁሉ ፈጠነ። የላይ ሰፈር መንገዱን ይዞ በግራ፣ የታች ሰፈር ጓሮውን ይዞ በቀኝ፣ ጭቃው ከሥር ወደ ላይ ወጣ። ከጣሪያው ሥር ቀጭን ጢስ ሲወጣ ያየ ሁሉ የእትዬ አስካለማርያም ማጀት መሰለው።

ዲንቃ ውስጥ ነበር። በማለዳ ሾልኮ ገብቶ ጥግ ላይ ካለው የፍቅፋቂ ክምር ላይ ጋደም ብሏል። ዘፈኑን ሰምቷል፤ የሰው ሠርግ መስሎት ደስ ብሎታል። በማገሮቹ መካከል የሚገባው ብርሃን ቁርጥራጭ ነበር፤ እያየው ሳለ አንዱ ቁራጭ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። አንድ ትልቅ እጅ ኮከቦችን በየተራ የሚያጠፋ መሰለው፤ ከማማሩ የተነሣ እንባው መጣ። "ዛሬ ምሽቱ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ነው የሚመጣው" ብሎ ተደነቀ። ይህን ለሰው መንገር አለብኝ አለ። ለሴና። ሴና ዛሬ... ሴና ዛሬ የሆነ ነገር ነበረች። ሐሳቡ እንደ ዓሣ ብቅ ብሎ ጀርባውን አሳየውና ጠለቀ። የመጨረሻውም ብርሃን ጠፋ።

ከሰዓት የቡሬው ሚኒባስ ቆመ። ሴና ወረደች፤ ዬሮሳን አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሯል።

"ላውርደው?" አለ ሹፌሩ።

"መናኸሪያ ደርሰህ ስትመለስ ታወርደዋለህ። መጀመሪያ በሬን ልየው።"

ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ከማማሩ የተነሣ ከምልመላው የተረፉት ቅጠሎች ከጣሪያው ሥር ያስጌጡት ይመስላሉ። ሴና አፏን ይዛ ቆመች። እውነት ነው! ከዚያ በመንገዱ በኩል አየች። ወደ ጓሮ ዞረች። በአጥሩ በኩል አልፋ ወደ ጀመረችበት ተመለሰች።

"በሩ የታለ?"

ኦቦ ሰቦቃ በጭቃ እጁ ራሱን አከከ። "በእናንተ በኩል አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?"

"እኛ በእናንተ በኩል ነው ብለን!" አሉ ጋሼ ወልደ ማርያም።

"መስኮትስ?"

መስኮትም የለም። ያን ጊዜ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ማነው መብራት ያጠፋው?"

የደቦው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጭቃ ላይ የተንከባለለ አለ። ደቅሲሳ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ያልሳቁት ሴናና እትዬ አስካለማርያም ብቻ ናቸው። ዬሮሳን ጆሮዋን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ከግድግዳው ውስጥ፣ አብሮ የተመረገ አንድ እንቁራሪት ጮኸ።

"እማዬ፣ አባባ እንቁራሪት ሆነ?"

"አልሆነም" አለች ሴና። ለኦቦ ሰቦቃ መጥረቢያ እንዲይዝ በዓይኗ ነገረችውና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። "ዲንቃ። እኔ ነኝ። መጥቻለሁ፤ ዬሮሳንም መጥታለች። በሩን በየት በኩል እናውጣው? አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ። አሁኑኑ ያወጡልናል፣ እገባለሁ።"

"ሴና!" አለ በደስታ። "ቆይ እሺ። በመንገዱ በኩል አቧራ አለ።"

"ይሁን፣ በአቧራው በኩል ይሁን።"

"ቆይ፣ እያሰብኩ ነው። በጓሮ በኩል ብናደርገው..."

"በጓሮ ይሁን።"

"ንፋስ አለ እኮ።"

ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ተመልሶ ክላክሱን ነፋ። ሳቁ ቀስ በቀስ እየከሰመ ሄደ፤ ሰው አሁን ነው ነገሩ የገባው። ኦቦ ሰቦቃ መጥረቢያውን እንዳነሣ ቀረ።

"አባባ!" አለች ዬሮሳን። "እኔ እዚህ ጋ ነኝ። እዚህ ጋ አድርገው!"

ዲንቃ ልቡ ዘለለ። አዎ፣ እዚያ ጋ! ልጁ ባለችበት! ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሷል። የልጁ ድምፅ እንዴት ጎርነን ብሏል፤ ስትወለድ እንደ ድመት ነበር የምታለቅሰው፤ ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፁ እንደ ሶር ነበር፤ ሶር ደግሞ በር የለውም...

በውጪ ሁሉም ይጠብቃል።

"ሴና" አለ ዲንቃ ከውስጥ፣ በየዋህ ድምፅ። "ጥያቄው ምን ነበር?"

ሴና እጇን ከግድግዳው ላይ አነሣች። መዳፏ እርጥቡ ጭቃ ላይ ታትሞ ቀረ። ወደ እትዬ አስካለማርያም አጥር ሄዳ ላስቲኩን ገለጠችና የዋንዛውን በር ዳበሰችው። አሁንም ይለሰልሳል።

"ይኼን ጫኑልኝ" አለች።

"ሴና ልጄ..." አሉ ጋሼ ወልደ ማርያም።

"አባቴ ጓሮ አንድ ክፍል ሠርተውልኛል ጋሼ። በር ብቻ ነው የጎደለው።"

በሩን ጫኑላት። በርና ፍራሽ ላይና ታች ታስረው፣ ሚኒባሱ ወደ ቡሬ ዞረ። ዬሮሳን በመስኮት ለግድግዳው እጇን አወዛወዘችለት።

ኦቦ ሰቦቃ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም። መጥረቢያውን ደስ ባለው ቦታ ላይ አሳረፈው፤ ማገሩ ተሰበረ፣ ጭቃው ረገፈ፣ ዲንቃ በጭንቅላቱ ወጣ። ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። አጥሩ ላይ አየ። በሩ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ሣሩ ነጥቷል፣ ልክ የበር ስፋት ያህል።

"በሩ የት ሄደ?"

"ቃልህን ጠብቀሃል" አሉት እትዬ አስካለማርያም፣ ጎደሬውን ለሰው እያደሉ። "ዛሬ ማታ በበርህ ትገባለች። ቡሬ።"

ሰው እግሩን ታጥቦ አንድ ሁለት እያለ ሄደ። የሳቀ የለም። ደቅሲሳ ግን መጣ፤ ደቅሲሳ መቼ ይቀራል? "አይዞህ፣ ያው ሴት ናት" ብሎ የለኮሳትን ቅጠል እጁ ላይ አኖረለትና ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

ዲንቃ ቀዳዳው ፊት ቆመ። ዝናቡ ጀመረ። ቀዳዳው ጠማማ ነው፣ ለበር ጠባብ ነው፤ ቢስተካከል ግን፣ መቃን ቢገባለት፣ አዲስ ዋንዛ ቢገኝ... ደረቱ ውስጥ አንድ የቆየ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሜትር ስለሌለው በስንዝር ሊለካ እጁን ዘረጋ። አንድ ስንዝር አለ። ሁለተኛውን ለመስፈር የመጀመሪያው ያለቀበትን ቦታ በሌላው እጁ ጣት መያዝ አለበት፤ ይኼን እንኳ አልረሳም። ሌላው እጁ ግን ነጻ አይደለም፤ ቅጠሏ እየጤሰች ናት። ለመለካት እሷን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የት እንደሚያስቀምጣት ማሰብ ጀመረ።